«አይከፈትም» የሚል ጽሑፍ ስለተበረከተለት በር

ለተከበሩ የስፖንጅ ፍራሽና ትራስ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ቀን፦ ረቡዕ፣ ለቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀረው
ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበሩት ቤተሰብዎ፣ መላው ሠራተኛዎ፣ እንዲሁም በሚነሷቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ከጀርባዎ የማትጠፋው ያቺ ለምለም የቢሮ ተክል በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኛ በአረጋውያን ማረፊያው የምንኖር አሥራ ስድስት ነፍሳት፣ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ፣ ደህና ነን። «እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ» ያልኩት ለልማድ ያህል እንዳይመስልዎ፤ አርባ ዓመት በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ነኝና፣ ቃል ያለ ሥራው አልቀጥርም።

ማንነቴን ለማስታወስ ያህል፣ በሁለተኛው የጉብኝት ቀን እጅዎን የጨበጥኩት፣ ፎቶ አንሺው «አልወጣም» ስላለ ሦስት ጊዜ ደግሜ የጨበጥኩት፣ በሦስተኛውም ፈገግ እንድል በትሕትና የታዘዝኩት ባለመነጽሩ ሽማግሌ ነኝ። ከአሥራ ስድስታችን አሥራ አንዱ ዓይነ ስውራን ናቸው። ባለቤቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ይዛለች፤ ባለ ጎማ አልጋዋም የሚገኘው በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከኋላው በር ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ነው። ዋናው በራችን ሰባት ደረጃና አንድ ጠባብ መታጠፊያ ስላለው አልጋው አይወጣበትም። መስኮቶቻችን ደግሞ ሌባ እንዳይገባ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ናቸው፤ የሚሰረቅ ነገር ባይኖረንም። የኋላው በር ግን ሰፊ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ በቀጥታ ወደ ግቢው ያስወጣል። ባለቤቴ ወደዚህ ቤት የገባችው በእሱ ነው፤ የምትወጣውም፣ ቀኗ ደርሶም ሆነ ሳይደርስ፣ በእሱ ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ነገር እባክዎ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ በኪስዎ ይያዙልኝ።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት ስለ ሠራተኞችዎ አንድ ቃል ካልተናገርኩ ግፍ ይሆንብኛል። በጎ ፈቃድ እንደ እርስዎ ፋብሪካ በሥነ ሥርዓት የተደራጀበት ቦታ በዕድሜዬ አላየሁም። በየሁለት ወሩ አንድ ቅዳሜ ስድሳ ሰው አንድ ዓይነት ቢጫ ቲሸርት ለብሶ ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ ስም ጠሪው ደጃችን ላይ ቆሞ በየተራ ይጠራል፤ የቀረ ካለ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል። አንዲት ትራስ ሰፊ የባለቤቴን ጥፍር እየቆረጠች እንዳጫወተችን ከሆነ፣ በፋብሪካው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ፈቃደኛ ያልሆነ ሠራተኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለቤቴ፣ እሷ አልጋ ብትይዝም ምላሷ አልጋ አልያዘምና፣ «ታዲያ ልጄ፣ በማን ፈቃድ ነው የመጣሽው?» ብላ ብትጠይቃት፣ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፈቃዱ የአለቃችን ነው እማማ፤ በጎው ግን የእኔ ነው» አለቻት። እውነቷን ነው። ጥፍሩን የቆረጠችው ካሜራው ሌላ ክፍል ውስጥ ሳለ ነው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናው ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ፍራሾቹ አመሰግናለሁ። አሥራ ስድስት ሰዎች፣ አሥራ ስድስት አልጋዎችና አሥራ ስድስት ፍራሾች ይዘን በሰላም ስንኖር፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ አርባ ስፖንጅ ፍራሽ በጭነት መኪና አመጣችሁልን። ፈጣሪ ለአንድ ሰው አንድ ጀርባ ብቻ ሲሰጥ ፋብሪካዎን እንዳላማከረ ከዚህ ተረድቻለሁ። ከመጋዘናችሁ የተረፈውን የት እናስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ለእናንተ ተመልሶላችሁ ለእኛ ስለተነሣብን፣ ልጆቹ ከኮሪደሩ አንደኛው ጥግ እስከ ሌላው፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ከመሩልን። ድሮ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚሄድበት ኮሪደር ዛሬ ለአንድ ሰው፣ እሱም ካልወፈረ፣ ያሳልፋል። በየፍራሹ ጥግ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ጨርቅ ተሰፍታለች፤ መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አድርጌ ሳነባት «ከእሳትና ከሙቀት ይራቅ» ትላለች። ባለቤቴ ተራራውን ከአልጋዋ ሆና ብዙ ካየችው በኋላ፣ «ይህ ሁሉ ፍራሽ ምን ዓይነት እንቅልፍ ሊያስተኛን ነው?» አለችኝ። እነሆ ጥያቄውን ለፍራሾቹ ባለቤት አድርሻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ስድሳ ሰው በአሥራ አንድ ብሩሽ ሊቀባን መጣ። ብሩሽ ያልደረሰው እንዳይከፋው በጨርቅ ቀባ፣ ጨርቅ ያልደረሰው በእጁ ቀባ። ግድግዳው ተቀባ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ተቀባ፤ የግድግዳ ሰዓታችን መስተዋቱ ስለተቀባ ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሆነ በድምፁ ብቻ እንገምታለን። የኋላው በር ደግሞ ከማጠፊያው እስከ መቀርቀሪያው፣ ከመቃኑ እስከ ስንጥቁ፣ በዘይት ቀለም ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ተቀባ። ቀለሙ ሲደርቅ በሩና መቃኑ እንደ ሙሽሮች አንድ አካል አንድ አምሳል ሆኑ። ያጋባችሁትን ሰው አይለየው ማለት ይህ ነው።

ይህንን ያስተዋለው ከስድሳው አንዱ፣ የፋብሪካዎ መካኒክ ነው። ብሩሹን የሚያጥብበት ውኃ ፍለጋ ወደ ግቢው ሊወጣ በሩን ገፋው፣ አልሄደለትም፤ በትከሻው ገፋው፣ አልሄደለትም። ከዚያ ዞሮ የፍራሹን ተራራ አየ፣ በተከፈተው ክፍል የባለቤቴን አልጋ አየ፣ የአልጋውን ጎማ አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። «አባቴ፣ ሰው በዚህ ነበር የሚወጣው?» አለኝ። «ነበር» አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁትን በማመልከቻ ቋንቋ ልገልጸው አልችልም፤ ማሽን ውስጥ እጅ ሊገባ ሲል የሚያይ ሰው ፊት ነው። መሣሪያ ስላልያዘ፣ የሚቀጥለው ዙር እንዳይዘነጋው ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ በሩ ላይ «አይከፈትም» ብሎ ጻፈ፤ ሰኞ ዕለትም ለአለቃው በጽሑፍ አሳወቀ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን ትንሽ ልበል፤ የኖርኩበት ሥራ ነውና ይፍቀዱልኝ። «አይከፈትም» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንደኛው እሮሮ ነው፤ በሩ ተበላሽቷል፣ ድረሱለት ማለት ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ነው፤ ማንም እንዳይነካው ማለት ነው። እሮሮ የትኛው፣ ትእዛዝ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የጻፈው ሰው ሳይሆን ያነበበው ሰው ነው። በአርባ ዓመት ሥራዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ከታች የተጻፈ እሮሮ ከላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ትእዛዝ ሆኖ እንደሚነበብ ነው። ያን ቀን ከጎኑ ቆሜ ነበር። «ልጄ፣ ‹መከፈት ሲገባው እንቢ ብሏል› ብለህ ጻፍ» ማለት ነበረብኝ። የጠመኔ አጻጻፉ ስላማረኝ ዝም አልኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጽሑፉ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ የመጡት በትራስ ከረጢት ላይ ስም የሚያትሙት የኅትመት ክፍል ልጆች ነበሩ። በሩን አዩት፤ ጽሑፉን አነበቡት፤ በጠመኔ መጻፉ ለቤቱ ክብር እንደማይመጥን ተስማሙ። ከዚያም ከረፋዱ እስከ ምሳ ሰዓት ደክመው «አይከፈትም» የሚለውን በደማቅ ቀይ፣ ዙሪያውን በወርቃማ መስመር፣ እያንዳንዱን ፊደል ክንድ በሚያህል ቁመት ጻፉት። ከሥሩ የፋብሪካውን አርማ፣ ያቺን የተኛች ጥንቸል፣ ከመፈክሯ ጋር አኖሩ፦ «ተኙ፣ እኛ አለን»። ይህም አልበቃቸው፣ ጽሑፍ ያለ ተግባር ከንቱ ነው ያለ አንድ ትጉህ ልጅ በበሩ ላይ አግድም ጣውላ አድርጎ በአራት ብሎን አሰረው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎም በማይክሮፎን «የኋላው በር በዘመናዊ መልክ ታድሷል» ሲሉ አበሠሩ። አሥራ አንዱ ዓይነ ስውራን አጨበጨቡ። ዓይነ ስውር የሚያምነው የሰማውን ነው።

አራተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። በማግስቱ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዤ ቀለሙን መፋቅ ጀመርኩ፤ እጄ ከብዕር የከበደ ነገር አያነሣምና፣ ከሰዓታት ድካም በኋላ የተፋቀው የጥንቸሏ አንድ ጆሮ ብቻ ሆነ። በሳምንቱ ከእርስዎ ቢሮ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን፤ በድርጅቱ አርማ ላይ ጉዳት መድረሱ እንዳሳዘናችሁ፣ ወደፊትም ያለ ፋብሪካው የጽሑፍ ፈቃድ በሩን መፋቅ፣ መንካትም ሆነ መክፈት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ። የማረፊያችን አስተዳዳሪ ደግ ሴት ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ፈሪ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎን፤ እነዚህ ሰዎች ከተቀየሙን ማን ይመጣልናል?» ብለው ለመኑኝ፤ ቀጥለውም፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ ነገሩ ከተደገመ ለእኔና ለባለቤቴ ሌላ ማረፊያ፣ ምናልባትም ሁለት የተለያየ ማረፊያ፣ ለመፈለግ እንደሚገደዱ ነገሩኝ። በቀጣዩ ዙር ይከፈታልና አረጋውያኑን አያስደንግጡ ስላሉኝም ለማንም አልተናገርኩም። ይህች ዝምታ የእኔ ጥፋት ናት፤ ከእርስዎ ምስጋና ጋር አልደባለቅኋትም።

መካኒኩ ደግሞ ስለ በሩ ሁለት ጊዜ ሪፖርት በማድረጉ የእረፍት ደብዳቤ እንደደረሰው ትራስ ሰፊዋ ነገረችን። የደብዳቤው ርእስ «የግዴታ ፈቃድ» ይላል አሉ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ቋንቋን አውቃለሁ ስል ኖሬ ለካ ፊደል ቆጣሪ ነኝ! ግዴታና ፈቃድ በአንድ ወረቀት ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲቆሙ ያየሁት በእርስዎ ቢሮ ነው።

አምስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ በልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ካውያ ብርድ ልብስ ላይ ተረስቶ ጭስ ተነሣ። በቤታችን ጋሽ ፊሽካ የምንላቸው ሰው አሉ፤ የቀድሞ የስፖርት መምህር ሲሆኑ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህም ፊሽካቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ለዓመታት ያሠለጠኑን አንድ ትምህርት ነው፦ ሦስት ጊዜ ከተነፋ፣ ሁሉም በፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ላይ እጁን አድርጎ ወደ ኋላው በር ይሄዳል። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ነፉ። አንድ ሰው አልጮኸም፤ አንድ ሰው አልተጋፋም። በፍራሾቹ መሃል፣ እጅ በትከሻ፣ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው መጡና በሩ ፊት ቆሙ።

ጋሽ ፊሽካ እጃቸውን ወደ መቀርቀሪያው ሰደዱ፤ ጣውላ አገኙ። ከጣውላው በላይ ሰደዱ፤ ወፍራም የቀለም ፊደል አገኙ። በጣታቸው የአንዱን ፊደል እግር ተከትለው ወረዱና፣ ከክፍላችን ደጃፍ ቆሜ እንዳለሁ በትንፋሼ አውቀውኝ፣ «ምንድን ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀቱን ሳነብ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ የሞት ፍርድ ያነበብኩለት ሰው አለ። ያቺን አንዲት ቃል ግን ለጋሽ ፊሽካ ማንበብ አቃተኝ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። በሩን አንኳኩ። እንደ ባለጉዳይ፣ ሹም ቢሮ እንደሚገባ ሰው፣ በትሕትና ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ከሰልፉ መሃል አንዷ «ግቡ በሉን እንጂ!» ብላ ቀለደች፣ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ ጭሱ ደረሰና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከውስጥ ሆኖ የሚያንኳኳን ሰው ማን ይከፍትለታል? ግቢው ባዶ ነው።

ሰልፉ መዞር ነበረበት፤ አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ኮሪደር ውስጥ ዓይነ ስውራንን ማዞር ምን እንደሆነ አልተርክልዎትም። የመጨረሻው መሪ ሆነ፤ መሪው መጨረሻ ሆኑ። በሰባቱ ደረጃ ወርደው ግቢው ውስጥ ሲቆጠሩ አሥራ አንድ ደቂቃ አልፎ ነበር። አሥራ አራት ሰው ነው የተቆጠረው። የጎደልነው እኔና ባለቤቴ ነን። አልጋዋን ይዤ ቆሜያለሁ። ጭሱ በበሩ ሥር ሳይሆን በእኛ ራስ ላይ እየዞረ መውጫ ሲፈልግ እናየዋለን፤ እሱም አጣ። እጄን ይዛ፣ «አንተ ውጣ» አለችኝ። እንቢ አልኩ። «ውጣና ማመልከቻ ጽፈህ ታስወጣኛለህ» አለችኝ፤ እየሳቀች ነው ያለችው። አርባ ዓመት በሥራዬ ስትቀልድብኝ ኖራለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀልዷን የምር አድርጌ ወስጄው አላውቅም። የሚያነቡት ይህ ደብዳቤ ያ ማመልከቻ ነው።

ልብስ አጣቢዋ ብርድ ልብሱን ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ጣሪያው ጠቆረ፤ ነገሩ በዚያው አበቃ። የሞተ ሰው ስለሌለ ሪፖርት የሚደረግ ነገር አልተገኘም። እሳቱ ከፍራሾቹ ስንት እርምጃ ሲቀረው እንደቆመ ግን ለክቶ የሚያውቅ አለ፤ አራት እርምጃ ነው፣ የለኩትም እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ለመጪው ቅዳሜ የተዘጋጀው መርሐ ግብር በትናንትናው ዕለት ደርሶኝ በአድናቆት አንብቤዋለሁ። ርእሱ «አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ሻማ» ነው። ስድሳ ሠራተኛ ስድሳ ሻማ ይዞ በአዳራሻችን ይቆማል። ዝግጅቱ በቀን ስለሆነ፣ የሻማው ብርሃን በፎቶ እንዲደምቅ መጋረጃዎቹ በሙሉ ይዘጋሉ ይላል። ነፋስ ሻማውን እንዳያጠፋ ዋናው በር ይዘጋል ይላል። ለእንግዶች መቀመጫ ይሆን ዘንድ ፍራሾቹ ወርደው በአዳራሹ ዙሪያ ይነጠፋሉ ይላል። አረጋውያኑም መሃል ላይ ይቀመጣሉ ይላል። ይህንን ያቀደው ሰው ክፋት እንደሌለበት በልበ ሙሉነት እመሰክራለሁ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱን ነገር ይረሳ ነበር።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህንን ነው፦ ፍራሾችዎን ይውሰዱልን፣ ሻማ ማብራቱን ይተዉልን፣ በሩን ይክፈቱልን። የተፋቀው የጥንቸሏ ጆሮ ዕዳ ካለብኝ የራሴን ጆሮ በምትኩ አቀርባለሁ፤ ከማይሰማ ጆሮ ይሻላል ብዬ ነው።

ልመናዬ ካልደረሰዎ፣ ወይም ደርሶ እንደ ትእዛዝ ከተነበበ፣ ቅዳሜ ምን እንደሚጠብቅዎ አስቀድሜ ላሳውቅዎ፤ ድንገተኛ ነገር ለልብ ጥሩ አይደለምና። ለጋሽ ፊሽካ ቃሏን በመጨረሻ አንብቤላቸዋለሁ። ፊሽካቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። አውቶቡሱ ደጃችን ሲቆም ሦስት ጊዜ ይነፋሉ። ሠራተኞችዎ አዳራሽ ውስጥ አያገኙንም፤ የባለቤቴን አልጋ ከፊት አድርገን፣ እጅ በትከሻ፣ በኋላው በር ፊት ተሰልፈን እናንኳኳለን። ባለፈው ሳምንት በሳል ያቋረጥነውን ሳይሆን፣ የማያቋርጠውን ማንኳኳት ነው። ሻማ ይብራ ከተባለም እኛው በቆምንበት ይበራል። ስድሳዎቹ ልጆች በየትኛው ወገን እንደሚቆሙ አላውቅም፤ በስም ጠሪው ወገን ወይስ በእኛ። የማውቀው እነሱ ስድሳ መሆናቸውን፣ ብሎኖቹ ደግሞ አራት መሆናቸውን ነው። ፈቃዱ የማን እንደሆነ፣ በጎውም የማን እንደሆነ ያን ቀን ይለያል።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለፋብሪካዎ ሰፊ ገበያ፣ ለቢሮዎ ደግሞ የሚከፈት በር እየተመኘሁ፣

ከከፍተኛ አክብሮት፣ ከጥልቅ አድናቆትና ከአራት ብሎን ጋር፣
መውጫ በማጣት በቦታው የጸናው፣
ባለመነጽሩ ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለእሳት አደጋ መከላከያ ጽሕፈት ቤት፣ እንዲያውቁት፤ ቢቻል አስቀድመው
ለማረፊያችን አስተዳዳሪ፣ እንዲያዝኑብኝ
ለጋሽ ፊሽካ፣ በጆሯቸው
ለኋላው በር፣ በእጅ የሚደርስ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ ያ መካኒክ መጥቶ ነበር። ቅዳሜ አልነበረም፤ ቢጫ ቲሸርት አልለበሰም፤ ካሜራም አልተከተለውም። ከረጢት ውስጥ መዶሻና መሮ ይዟል። ዘበኛችን እንደታዘዘው ደጃፍ ላይ አቁሞ «በማን ፈቃድ ነው?» አለው። «በራሴ» አለ። ዘበኛው መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አገላበጠ፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ ስላልተመዘገበ መለሰው። ልጁ ግን ሲመለስ በአጥሩ ዞሮ፣ መሮውን በመስኮታችን ፍርግርግ አሾልኮ ሰጠኝ። አሁን ያለው ባለቤቴ ትራስ ሥር ነው፤ ትራሱም የፋብሪካዎ ምርት ነው። ዛሬ ጧት «ብረቱ አልጎረበጠሽም?» ብላት፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች፣ «ይህ ትራስ ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ የወሰደኝ ገና ትናንት ነው» አለችኝ።